የሸጌ አረቄ ቤት ሕግ

ሸጌ ጋሻዬ ቤት አረቄ ሊጠጣ የመጣ ሰው መጀመሪያ እህል መቅመስ ነበረበት። "ከቤቴ በልቼ ነው የመጣሁ" ቢላት አታምነውም።

"ምን በላህ?"

"ሽሮ።"

"ማን ሠራው? ሚስትህ እንደሁ ከትናንት ወዲያ አባቷ ቤት ሄዳለች።"

ያኔ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ከሌማቱ ቁራሽ ያነሣል። እስኪውጠው ድረስ ቆማ ታየዋለች፤ መለኪያው የሚቀዳለት ከዚያ በኋላ ነው። ጠመንጃ የያዘ ደግሞ ጠመንጃውን ደጃፍ ላይ አስረክቧት ይገባል። እሷም ከጓዳ፣ ከብቅሉ ጆንያ ኋላ ታቆመዋለች። ሲወጣ አረማመዱ ካላማራት "ነገ ጧት መጥተህ ውሰድ" ትለዋለች እንጂ የነፍስ አባቷ ቢያማልዱም አትሰጠውም። በሬ ሸጦ ከገበያ ለተመለሰ ሰው በዚያው ቀን አትቀዳም። ከሦስት መለኪያ በላይ ለማንም አትቀዳም፤ ዳግም የወጣው ኀይለኛው አረቄ ከሆነ ከሁለት አያልፍም። ቢሳደብም፣ ቢለምንም፣ በታቦት ቢምልም ያው ነው።

"ቤቱ የኔ፣ ጋኑ የኔ፣ ሕጉም የኔ" ትላለች።

ቤቷ ያለው ጥድ በር በምትባል መንደር፣ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ሰዎች ያሟታል። "ባሏን የቀበረችበትን ነገር ትቸረችራለች" ይላሉ። ሐሜቱ ውሸት አልነበረም። ባሏ ገብረ ሊባኖስ ጎበዝ አራሽ ነበር፤ ጎበዝ ጠጪም ነበር። አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ቄስ ፊት ቀርቦ "ከዛሬ ጀምሮ አረቄ በአፌ አይገባም" ብሎ ተገዘተ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በሁለተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፤ እንቅልፍ አጣ። በአራተኛው ቀን ከግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን ሲለቅም ዋለ። በአምስተኛው ቀን ጧት ከመደቡ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ ከዚያም ጸጥ አለ። አገሬው "አጋንንት ነው" አለ። ሸጌ ግን አልተቀበለችም። ከዚያ በፊት በነበረው የችግር ዓመት ገብረ ሊባኖስ እህል ስላጣ ብቻ መጠጡን በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ቀንሶ እንደነበር፣ ያኔም ምንም እንዳልሆነ ታስታውሳለች። ሁለቱን ስታስተያይ ከረመችና ነገሩ ገባት። "ሥር የሰደደ መጠጥ እንደ ቆየ እንግዳ ነው፤ ይሸኛል እንጂ አይገፈተርም" አለች።

መበለት ሆና መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች። የሚደርሳት እህል ከዓመት ዓመት ስለማያደርሳት የእናቷን ሙያ ያዘች፤ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ድፍድፍ ጥላ አረቄ ማውጣት ጀመረች። "እኔ ባልሸጠው ሌላው ይሸጠዋል፤ ሌላው ግን እንጀራ አያበላም" ትል ነበር። ይህ መልስ ራሷን ሁልጊዜ እንደማያጠግባት ግን እሷው ታውቃለች።

በ1972 ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ከላይ የመጣ አንድ ካድሬ ሲጋራውን በግራ እጁ እንደያዘ ከወረቀት አነበበ። ወረቀቱ አልኮል የጭቁኑን ሕዝብ ጉልበት እንደሚያደክም፣ እህልም እንደሚያባክን ይዘረዝርና ሕዝቡ ስለ ጉዳቱ እንዲማር፣ መጠጡም እንዲቀነስ ያዝዛል። ካድሬው አንብቦ፣ ሲጋራውን አጭሶ ሄደ። ወረቀቱ የቀረው በማኅበሩ ሊቀመንበር በአዝመራው እጅ ነው።

አዝመራው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጉቦ የማይበላ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። አባቱ ሁለት በሬና አንድ ቤት ጠጥተው ነው የሞቱት። እናቱ በሰው ማሳ ቃርሚያ ስትለቅም ያደገ ስለሆነ አረቄ የሚባል ነገር ስሙም ያንገፈግፈዋል። እናም "ይማር፣ ይቀነስ" የሚለው ወረቀት እሱ ዘንድ ሲደርስ "ይሰበር፣ ይታሰር" ሆነ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አለ፣ "አረቄ የሚያወጣ ሰው ዕቃው ይሰበራል። ሰክሮ የተገኘ ዐሥር ቀን ይታሰራል። ጥያቄ ያለው አለ?"

በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መጠየቅ ሌላ ትርጉም ያመጣል። ሸጌ ግን ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

"ጋኑን ሰበራችሁት እንበል። ሰውየውንስ ምን ልታደርጉት ነው?"

"የቱን ሰውዬ?"

"ሃያ ዓመት የጠጣውን። ዛሬ ተከለከልክ ስትለው ነገ ሰውነቱ ይሰማሃል?"

"ይታሰራል አልኩ እኮ፤ እስር ቤት መጠጥ የለም። ይነጻል።"

"ይሞታል" አለች ሸጌ፣ ተቀመጠችም።

በማግሥቱ ታጣቂዎች መጥተው ጋኗንም፣ ማሰሮዋንም፣ አረቄው የሚወርድበትን መቃም ደጃፏ ላይ ሰባበሩት። አላለቀሰችም። እጇን አጣጥፋ አየቻቸውና ሲጨርሱ "ገሉን ሰብስቡና ሂዱ፤ ከብት ይቆርጥብኛል" አለቻቸው። እነሱም ሳያስቡት ጎንበስ ብለው ለቀሙ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከፋለ ታሰረ። ከፋለ ግንበኛ ነው፤ በአካባቢው ካሉት የድንጋይ ቤቶች ግማሹን የገነባ እሱ ነው ይባላል። ጎበዝ እጅ ነበረው፤ እጁ ግን ጧት መለኪያ ካልያዘ ድንጋይ አይጨብጥም። ሸጌ ቤት ሦስቱን ጠጥቶ "በቃህ" ሲባል ሌላ ቤት ይሄድ ነበር። ከክልከላው በኋላ ከሩቅ መንደር በስውር የሚመጣ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ነገር ሲጠጣ ተገኘና የቀድሞው ባላባት እህል ያከማችበት በነበረው ድንጋይ ቤት ተዘጋበት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሚስቱ አሰለች እየሮጠች ሸጌ ደጃፍ ደረሰች። ሰላምታ የለም።

"አንቺ ነሽ ያስለመድሽው! አንቺና መሰሎችሽ! ይኸው አሁን ሊሞት ነው!"

"እውነትሽን ነው" አለች ሸጌ። "ስድቡን በኋላ ትጨርሺልኛለሽ። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?"

አሰለች ንዴቷ በመሐል ተሰበረ። "ትናንት። ዛሬ ደግሞ እኔንም አያውቀኝ። 'ይሄዱብኛል፣ አንሱልኝ' እያለ ክንዱን ይቧጥጣል።"

ገብረ ሊባኖስም በአራተኛው ቀን እንዲህ ነበር የሆነው። ሸጌ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ከአመድ መድፊያው ሥር ከስብርባሪው የተረፈች አንዲት ጠርሙስ ቀብራ ነበር። ቆፍራ አወጣቻትና በውኃ አለቅልቃ አንገቷን ጨበጠች። ትንሽ ማርና አንድ መለኪያ ያዘች።

"በነጠላሽ ሸፍኚው እንጂ!" አለች አሰለች።

"መድኃኒት ሸፍኖ የሚሄድ ማን አለ? ደብቄ ከሄድኩ ሌባ ነኝ።"

ቀኑ የላሊበላ ገበያ ነበር። አህያ የሚነዳው፣ ዶሮ ያንጠለጠለው፣ ጨው የተሸከመው ሁሉ በዚያ መንገድ ይፈስሳል። ሸጌ በመካከሉ ጠርሙሷን እንደ መስቀል ከፊቷ ይዛ ሄደች። ሰው እያየ መንገድ ለቀቀላት። አንዳንዱ ከኋላዋ ተከተለ፤ አንዳንዱ እንዳላየ ሆኖ ፊቱን አዞረ።

እስር ቤቱን የሚጠብቀው ታጣቂ አረጋ ነበር። ሲያያት ከተቀመጠበት ዘለለ።

"እትዬ ሸጌ፣ አብደዋል እንዴ? ይመልሱት! ሁለታችንንም ሊያስጨርሱን ነው?"

"አረጋ፣ ጠመንጃህን ስንት ጊዜ ከጓዳዬ አቁሜልሃለሁ?"

"ብዙ ጊዜ።"

"አንድ ቀን ጠፍቶብሃል? ወይስ ሰክረህ ሰው ገድለህበታል?"

"ኧረ በፍጹም።"

"እንግዲያው ዛሬም እመነኝ። ክፈተው።"

አረጋ ግራና ቀኝ አየ። ከበሩ ውስጥ የከፋለ ጩኸት ይሰማል። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ አዝመራው ከቢሮው እየሮጠ ደረሰ።

"ማነው ክፈት ያለህ?" ብሎ ጮኸበትና ወደ ሸጌ ዞረ። "ይህ ምንድን ነው? በገበያ መካከል! ሕጉ ለሁሉም ነው፤ እርስዎ ከሕግ በላይ ነዎት?"

"ገብተህ እየው" አለችው።

"ሰካራም ነው፤ ምን አየዋለሁ?"

"ባሌ እንዲህ ሆኖ በማግሥቱ ሞተ። እኔ ቀበርኩት፤ መልኩን አውቀዋለሁ። አባትህን አስታውሳለሁ አዝመራው፤ ደግ ሰው ነበሩ። ዛሬ ከዚህ ቤት ውስጥ የሚጮኹት እሳቸው ቢሆኑ…"

"አባቴን አያንሡ!"

"እሺ፣ አላነሣም። ጉልበት አለህ፤ ጠርሙሱን ቀማኝና ስበረው። ይህ ሁሉ ገበያተኛ ግን ያይሃል። ነገ ከፋለ ሲሞት በማን እጅ እንደሞተ እንኳን ጥድ በር፣ ኩልመስክ ድረስ ይሰማል። ሬሳውንም አንተው ተሸክመህ ለአሰለች ታስረክባለህ።"

አዝመራው እጁን ዘረጋ። እጁ ጠርሙሱ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ከውስጥ ከፋለ "እናቴ!" ብሎ ጮኸ፤ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። አዝመራው እጁን ሰበሰበና ለአረጋ "ክፈት" አለው፤ ወዲያውም አንዱን ሰው ወደ ከተማው ክሊኒክ ጤና ረዳቱን እንዲጠራ ላከ።

ሸጌ ጤና ረዳት አልጠበቀችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የከፋለን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፤ አረቄውን በውኃና በማር በርዛ በጥቂት በጥቂቱ አስዋጠችው። ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው መጡና "ይህ ሰው ጠበል ነው የሚያሻው" አሉ።

"ይውሰዱት አባቴ፤ ስምንት ቀን ብቻ ይስጡኝ። በእግሩ ሄዶ ቢጠመቅ አይሻልም?"

ካህኑ ጥቂት አሰቡና አጠገቧ ቁጭ ብለው መድገም ጀመሩ። እሷ ታጠጣለች፣ እሳቸው ይደግማሉ።

ጤና ረዳቱ ሙሉሃብት ሲደርስ የከፋለ እጅ ረገብ ብሎ ነበር። የልብ ትርታውን ዳሰሰ፣ ዐይኑን ገልጦ አየ፣ ስንት ቀን እንደሆነው ጠየቀ። ሁሉም ከአፉ ይጠብቃል። ሙሉሃብት ጸጥተኛ ሰው ነው፤ ወንድሙ በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ የቀረበት፣ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ አፉን ከፍቶ የማያውቅ። ላቡን ጠረገና፦

"እትዬ ሸጌ ያደረጉት ልክ ነው" አለ። "ለረጅም ዘመን የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲቋረጥበት ይገድለዋል። የሚያረጋጋ እንክብል አለ፤ እኛ ዘንድ ግን አልቋል። ወልድያ ሆስፒታል እስኪደርስ ደግሞ ይህ ሰው አይቆይም። እንደጀመሩት እየቀነሱ ቢሰጡት ነው የሚሻለው።" ከዚያም አዝመራውን ሳያይ ጨመረ፣ "ወረቀቱም እኮ እኛ ዘንድ መጥቷል፤ 'ይማር' ነው የሚለው።"

ስምንት ቀን ሙሉ ሸጌ በጠራራ ፀሐይ ጠርሙሷን ይዛ ተመላለሰች፤ በየቀኑ ከትናንቱ ያነሰ ትቀዳለች፣ አጥሚት ታስጠጣዋለች፣ ሾርባ ትግተዋለች። በዘጠነኛው ቀን ከፋለ በእግሩ ወጥቶ ከመምሬ ጋር ጠበል ሄደ። በዐሥረኛው ቀን ሸጌ ተከሰሰች።

ክሱን ማስቀረት አዝመራው አልቻለም፤ ወሬው ወረዳ ደርሷል። የፍርድ ሸንጎው ከመንደሩ ጥድ ሥር ተቀመጠ። ጥፋቷን አምና ግለ ሂስ ካደረገችና አሻራዋን ካኖረች በነጻ እንደምትለቀቅ ተነገራት። ወረቀቱን ጸሐፊው አነበበላት፤ "የአብዮቱን መመሪያ በድንቁርና ጥሻለሁ" ይላል።

"ጥፋት አለብኝ" አለች ሸጌ። "ከፋለን 'በቃህ' ብዬ ስሸኘው ሌላ ቤት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሕጌን ጠበቅሁ ብዬ እጄን ታጠብኩ። አሰለች ፊት ይህን አምናለሁ። እናንተ የጻፋችሁትን ግን አላምንም። ሰው ሲሞት አይቼ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ፤ ነገም እሄዳለሁ። ይህን ጻፉና አሻራዬን ውሰዱ።"

"እንደዚያ አይጻፍም!"

"እንግዲያው አሻራም የለም።" ጣቶቿን ጨብጣ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አገባች። አንዱ ታጣቂ እጇን ሊያወጣ ሲጠጋ ከሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የአሰለች ድምፅ ነበር። ታጣቂው ወደ ኋላው ተመለሰ።

አንድ ወር ተፈረደባት። ወሩንም ለእርከን ሥራ ከገደሉ ድንጋይ ስትሸከም አሳለፈችው። ከፋለ ሳይጠራ መጣና እሷ የምታመጣውን ድንጋይ እየተቀበለ ይደረድር ጀመር። ብዙ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ብቻ "እጄ አይንቀጠቀጥም፤ እይው" አላት። "አየሁት፤ ድንጋዩን ግን አጣመሃል" አለችው።

ከእስር እንደወጣች አዲስ ጋንና አዲስ መቃ ገዝታ አረቄ ማውጣቷን ቀጠለች፤ ጭሱም በቀን ይወጣል። ሊሰብር የመጣ አልነበረም። ሕጓ ግን ጠነከረ፤ ከእሷ ቤት የወጣ ሰው ሌላ ቤት እንዳይቀዳለት ከሌሎቹ አረቄ አውጪዎች ጋር ተማማለች። ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ ቃላቸውን ጠበቁ። በማኅበሩ ደግሞ ሰክሮ የታሰረ ሰው መጀመሪያ ለሙሉሃብት እንዲታይ ተደረገ። ይህን ማን እንደወሰነ አልተነገረም፤ ስብሰባም አልተጠራበትም። ከፋለ በመስቀል በዓል አንድ ጊዜ ወደ መጠጡ ተመልሶ ነበር። ያኔ አሰለች ራሷ መጥታ "እንደገና ሸኚልኝ" አለቻት፤ ሸኘችለት።

በ1976 ዝናቡ ቀረ። በልጉም ከሸፈ፤ ክረምቱም ደመና ብቻ ሆነ። ሐምሌ ላይ ሸጌ ጋኗን አጥባ ገለበጠችው። "የሚበላ እህል በሌለበት የሚጠጣ የለም" ብላ ደንበኞቿን መለሰች። ሰው ከብቱን በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ወደ ቆላ ይወርዳል።

ነሐሴ ላይ ሁለት አህያ ገብስ ደጃፏ ተራገፈ። አብሮ የመጣው የወረዳ ሰው ትእዛዙን በአጭሩ ነገራት፤ ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል እንግዶች ይመጣሉ፣ የአገር ባህል መጠጥ መቅረብ አለበት፣ በላስታ ደግሞ እንደ ሸጌ አረቄ የሚያወጣ የለም።

"ከልክላችሁኝ አልነበረም?" አለች።

"ያ ሌላ ነው። ይህ የመንግሥት ነው። ለመስከረም ሁለት ይድረስ።"

ሰውየው እንደሄደ ሸጌ ጆንያዎቹን ፈትታ እጇን አስገባች። ደህና ገብስ ነው፤ እንዲህ ያለ እህል ካየች ስድስት ወር ሆኗታል። ብዙ አላሰበችም። ጎረቤቶቿን ጠራች፤ አሰለች ቀድማ ደረሰች። ጥድ በር ያለች እናት ሁሉ ቁና ይዛ መጣች፤ ሕፃን ያላት ሁለት፣ የሌላት አንድ ተሰፈረላት። ለራሷ አንድ ቁና አስቀረች። በዚያ ቀን የወፍጮ ድንጋይ ድምፅ ከየቤቱ ተሰማ።

በጳጉሜን የወረዳው ሰው ከአዝመራው ጋር ባዶ ጀሪካን ይዞ መጣ።

"አረቄው የታለ?"

"ተበልቷል።"

"ምን አልሽ?"

"ገብሱ ተበላ። ሕፃናት በሉት። መጠጣት ያማረው እንግዳ ካለ ወንዙ እዚያ ታች ነው፤ እሱም እየደረቀ ነው እንጂ።"

የሰውየው ፊት ጠቆረ። ሊናገር ሲል አዝመራው ቀደመው። "ብቅሉ ሻግቷል ጓድ" አለ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "እኔ ራሴ አይቻለሁ። በዝናቡ ጉድለት ውኃው ተበላሽቶ ነው። ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ።" ሰውየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። እንዳላመነ ያስታውቃል፤ ግን የተጻፈ ሪፖርት ይበቃዋል። በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

አዝመራው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከስቷል፤ የእሱም ቤት እንደሌላው ሁሉ ተርቧል። ሚስቱ ያን ቀን ቁናዋን ይዛ ከተሰለፉት አንዷ እንደነበረች ሁለቱም ያውቃሉ።

"አመሰግናለሁ አይሉኝም?" አላት።

"ስለ ውሸቱ?" አለች ሸጌ። "እኔ እውነቱን ነግሬው ነበር እኮ። መታሰሩን ለምጄዋለሁ።" ከዚያ ከመሶቡ ውስጥ ከቀረችው የገብስ ቂጣ ቆርሳ ሰጠችው። "በል፣ ብላ። እህል ሳይቀምስ ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የለም።"